ደርሶ መልስ፦ የሽርሽር መርከብ ከየት መጣች?

በ1890 ገደማ የሐምቡርጉ ነጋዴ አልበርት ባሊን አንድ አልገጥም ያለ ሒሳብ ነበረበት። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት፣ ካልተባለ በቀር፣ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።) የሚሠራበት የመርከብ ኩባንያ፣ በአጭሩ ሃፓግ የሚባለው፣ በጀርመንና በኒውዮርክ መካከል የሚመላለሱ ፈጣንና ውድ የእንፋሎት መርከቦች አሠርቷል። በሞቃቱ ወራት መርከቦቹ ይሞላሉ። ብርዱ ሲገባ ግን የሰሜን አትላንቲክን ማዕበል የሚደፍር ባለ ገንዘብ ስለማይበዛ ባዷቸውን ይመላለሳሉ፣ ወይም ወደብ ላይ ታስረው ይከርማሉ። የታሰረ መርከብ እንደ ታሰረ በቅሎ ነው፤ ባይሠራም ይበላል።

ባሊን ያመጣው መላ ዛሬ ሲያዩት ቀላል ይመስላል። ጃንዋሪ 22 ቀን 1891 ኦገስታ ቪክቶሪያ የተባለችው መርከብ 241 መንገደኞች ይዛ ከኩክስሃፈን ወደብ ተነሣችና ፊቷን ወደ ሜዲትራኒያን አዞረች። እስክንድርያን፣ ያፋን፣ ቤይሩትን፣ ቁስጥንጥንያን፣ አቴናን አዳረሰች። መንገደኞቹ በየወደቡ እየወረዱ ፒራሚዱንም ኢየሩሳሌምንም ጎብኝተው ወደዚያው አልጋቸው ይመለሳሉ። ባሊን ራሱም ከባለቤቱ ጋር ተሳፍሮ ነበር። ሁለት ወር ገደማ ዞረው ዞረው አገራቸው ገቡ። የትም ለመድረስ የተሳፈረ ሰው አልነበረም። ብዙ የታሪክ ጸሐፊዎች የዘመናዊውን የሽርሽር መርከብ ንግድ መነሻ ከዚህች ጉዞ ይቆጥራሉ። በነገራችን ላይ መርከቧ የተሰየመችው በጀርመን ንግሥት ነው፤ የእቴጌይቱ ስም ግን «ኦገስተ» እንጂ «ኦገስታ» አልነበረም። የታረመው በ1897 ነው። የእቴጌ ስም ተጣሞ ለዓመታት ባሕር ላይ ከኖረ፣ የእኛን ስም በየኤርፖርቱ የሚያጣምሙትን ይቅር ማለት ሳይሻል አይቀርም።

ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያበቃ የአንድ ብልህ ነጋዴ ወሬ ሆኖ ይቀር ነበር። ባሊን ግን ያደገው በሽርሽር ንግድ ውስጥ አይደለም፤ በስደተኛ ንግድ ውስጥ ነው። አባቱ ወደ አሜሪካ ለሚፈልሱ ድኾች ትኬት የሚቆርጥ ወኪል ቤት ውስጥ ሸሪክ ነበሩ። በ1874 ሲሞቱ ልጅየው ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ ሳለ ሥራው ውስጥ ገባ። ሃፓግ በ1886 የመንገደኞች ክፍሉን የሰጠው የስደተኛን ገበያ ጠንቅቆ ስለሚያውቅ ነው። ከ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ እስከ 1930ዎቹ ድረስ 5 ሚሊዮን ያህል ሰው በሐምቡርግ በኩል አውሮፓን ለቆ ወጥቷል። ከእነዚህም መካከል ከሩሲያ ግዛት የሚሸሹ አይሁዶች እጅግ ብዙ ነበሩ፤ ባሊንም አይሁዳዊ ነው። በ1901 ኩባንያው ቬደል በተባለው የከተማዋ ክፍል ለስደተኞች ሰፊ ማደሪያ ከፈተ። እዚያ ገላቸውን ይታጠባሉ፣ ልብሳቸው ከተባይ ይጸዳል፣ ሐኪም ያያቸዋል፣ ከዚያም በታችኛው ደርብ ይጫናሉ።

የላይኛው ደርብ ሐርና መስተዋት የቆመው በታችኛው ደርብ ትኬት ብዛት ነው። ከታች ያሉት የሚቆርጡት የመሄጃ ብቻ ነው፤ በኦገስታ ቪክቶሪያ የሄዱት 241 ሰዎች ግን ደርሶ መልስ ይዘዋል። እኔም ከዚህ በኋላ ባለው ታሪክ ውስጥ የምከተለው ይህንኑ የትኬት ልዩነት ነው። የመርከቧ ብረት አንድ ሆኖ ሳለ፣ ማን ይመለሳል ማን አይመለስም የሚለው ነገር ታሪኩን ከጫፍ እስከ ጫፍ ይዞታል።

የሥነ ጽሑፍ ተማሪ ስለሆንሁ ከባሊን በፊት ስለነበሩት ሁለት መንገደኞች ሳላነሣ ማለፍ አልችልም። እንግሊዛዊው ዊሊያም ታከሪ በ1844 ፒ ኤንድ ኦ የተባለው ኩባንያ በነጻ አሳፍሮት እስከ ካይሮ ሄደና በ1846 ጉዞውን በመጽሐፍ አወጣ። ዛሬ የኩባንያ ግብዣ ተቀብለው ፎቶ የሚለጥፉት ሰዎች ቅድመ አያት ቢባል አይከፋውም፤ ልዩነቱ እሱ መጻፍ መቻሉ ነው። ማርክ ትዌይን ደግሞ በጁን 1867 ኩዌከር ሲቲ በተባለች፣ በእርስ በርስ ጦርነቱ ጊዜ በባሕር ኃይል በሠራች መርከብ ከኒውዮርክ ወደ አውሮፓና ቅድስት ሀገር ተጓዘ። ዋጋው 1,250 ዶላር ነበር፤ የከፈለለት የሳን ፍራንሲስኮ ጋዜጣ ነው። በ1869 ያወጣው መጽሐፍ አብረውት የተጓዙትን አማኞች እንዴት እንደሚያሾፍባቸው ያነበበ ያውቃል። ሁለቱም ጸሐፊዎች ዋናውን ነገር ገና ከመነሻው አይተውታል፤ የሽርሽር መርከብ ላይ ከፒራሚዱ ይልቅ የሚታየው አብሮህ የተሳፈረው ሰው ነው።

በአማርኛስ? ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ስለ ልዕልት ወይዘሮ መነን የኢየሩሳሌምና የምስር ጉዞ ጽፈዋል፤ በእኛ አቆጣጠር በ1924 የታተመው «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን»ም አለ። በእነዚህ መጻሕፍት ባሕር የሚሻገር ሰው ወይ ለመሳለም ወይ ለመንግሥት ጉዳይ ነው። ለመሄድ ብቻ ብሎ የሄደ ሰው በማውቃቸው የቆዩ የአማርኛ መጻሕፍት ውስጥ አላጋጠመኝም። ቃሉም የለንም። «ክሩዝ» ብለን እንዳለ ወሰድነው። «ሽርሽር» ስንል ከቤት ወጣ ብሎ በእግር መንሸራሸርን ነው የምናስበው፤ ባሕር ላይ አይወጣም። እኔ በዚህ ጽሑፍ ባሕር ላይ አውጥቼዋለሁ።

ወደ ሃፓግ ልመለስ። ኩባንያው በ1900 ለሽርሽር ብቻ ተብላ የተሠራች የመጀመሪያዋን መርከብ ባሕር ላይ አወረደ፤ ስሟ ፕሪንሰሲን ቪክቶሪያ ሉዊዘ ነበር። ሁሉም ክፍሏ አንደኛ ማዕረግ ነው፤ ጭነት የለ፣ ስደተኛ የለ። በዲሴምበር 1906 ጃማይካ አጠገብ ድንጋይ ላይ ወጣችና ቀረች። መንገደኞቹ ዳኑ፤ ካፒቴኑ ግን ራሱን ገደለ። ከእሷ በኋላ ለብዙ ዓመታት ሽርሽሩ የሚካሄደው በዋናነት ለሌላ ሥራ በተሠሩ መርከቦች ላይ ነበር።

ከዚያ አሜሪካ በሯን ዘጋች። በ1921 አንድ የበጀት ዓመት ብቻ ከ800 ሺህ በላይ ሰው ወደ አገሪቱ ገብቶ ነበር። በዚያው ዓመትና በ1924 የወጡት ሕጎች በየአገሩ ኮታ አስቀመጡ፤ የምሥራቅና የደቡብ አውሮፓ ሰው ቁጥር በአንድ ጊዜ ወደቀ፤ የእስያ ሰው ደግሞ ከናካቴው ተከለከለ። የመርከብ ኩባንያዎቹ በመቶ የሚቆጠሩ ባዶ የታችኛ ደርብ አልጋዎች ታቅፈው ቀሩ። ምን አደረጉ? ክፍሉን ቀለም ቀቡት፣ አንሶላ አነጠፉበት፣ ስሙን «የቱሪስት ሦስተኛ ማዕረግ» አሉትና ለአስተማሪዎች፣ ለተማሪዎችና ለጸሐፊዎች በርካሽ ሸጡት። ዛሬ የመካከለኛ ገቢ ቤተሰብ በባሕር ላይ ዕረፍት መውሰድ ይችላል የሚለው ሐሳብ ከዚህ ይጀምራል። ስደተኛው እንዳይመጣ ስለ ተከለከለ አልጋው ለቱሪስቱ ደረሰ ማለት ነው።

ባሊን ይህን አላየም። በኖቬምበር 1918 ጀርመን ስትሸነፍ መድኃኒት ጠጥቶ ሞተ። ናዚዎች በ1935 በስሙ የተጠራችውን መርከብ ስሟን ቀየሩት፤ አይሁዳዊ ነዋ። ኩባንያው ግን ሥራውን ቀጠለ። በሜይ 1939 ሴንት ሉዊስ የተባለችው የሃፓግ መርከብ፣ ለሽርሽርም ለመደበኛ ጉዞም ታገለግል የነበረችው፣ 937 መንገደኞች ይዛ ከሐምቡርግ ወደ ሃቫና ሄደች። ከጥቂቶቹ በቀር ሁሉም አይሁድ ስደተኞች ናቸው። ካፒቴኑ ጉስታቭ ሽሮደር በክብር እንዲያዙ አዝዞ ስለነበር ሙዚቃና ዳንስ ነበር፤ ልጆች በመዋኛው ይጫወታሉ። ኩባ አላወርድም አለች። አሜሪካም ዝም አለች፤ ካናዳም እንቢ አለች። መርከቧ ወደ አውሮፓ ተመለሰች፤ ከተመለሱት ውስጥ 254ቱ በጭፍጨፋው አልቀዋል። እኔን ሁልጊዜ የሚያስቆመኝ አንድ ዝርዝር አለ። ኩባንያው እነዚህን ሰዎች ምናልባት ከተመለሱ ብሎ ለመመለሻው ጭምር አስቀድሞ አስከፍሏቸው ነበር። መመለስ ሞት ለሆነበት ሰው ደርሶ መልስ ተቆርጦለታል።

ከመርከቦች ሁሉ ግን ይህን ታሪክ በአንድ አካሏ የተሸከመችው ሌላዋ የሐምቡርግ ልጅ ናት። ስሟ ሞንቴ ሮዛ ይባላል። በ1930 ሃምቡርግ ዙድ የተባለው ኩባንያ ካሠራቸው አምስት እኅትማማች መርከቦች የመጨረሻዋ ስትሆን የታሰበችው ወደ አርጀንቲናና ብራዚል ለሚፈልሱ ጀርመናውያን ነበር። ፈላሹ ሲያንስ እሷም እኅቶቿም ወደ ርካሽ ሽርሽር ዞሩ፤ የኖርዌይን የባሕር ሸለቆዎች ያላየ የሐምቡርግ ባለ ሱቅና ጸሐፊ ያየው በእነሱ ነው። ናዚዎች ሥልጣን ሲይዙ «በደስታ ብርታት» የሚል ስም ያለው የመዝናኛ ድርጅት አቋቋሙ፤ ሠራተኛው በቅናሽ ባሕር ላይ እንዲንሸራሸር፣ ሲንሸራሸርም መንግሥቱን እንዲወድ። ሞንቴ ሮዛ ለዚህ ሥራ ከተከራዩት መርከቦች አንዷ ነበረች። የሽርሽር መርከብ ለብዙኃኑ ይዳረስ የሚለውን ሐሳብ በሰፊው በሥራ ያዋለው መንግሥት ያ መንግሥት መሆኑ ደስ የማይል ሐቅ ነው፤ ግን ሐቅ ነው።

ጦርነቱ ሲመጣ ወታደር ማመላለሻ ሆነች። በኖቬምበር 1942 ከኦስሎ 46 አይሁድ ኖርዌያውያንን በሁለት ጉዞ አሳፍራ ወሰደች። መጨረሻቸው አውሽዊትዝ ነበር፤ ከሁለቱ በቀር ሁሉም ተገደሉ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ሽርሽረኛ ወደ ኖርዌይ የወሰደች መርከብ ናት።

በ1945 እንግሊዞች ማረኳት። በ1947 በአንዲት ትንሽ የእንግሊዝ ወንዝ ስም ኤምፓየር ዊንድራሽ ብለው ሰየሟት። በሜይ 1948 ወደ እንግሊዝ ስትመለስ ኪንግስተን፣ ጃማይካ ደረሰች፤ ብዙ ባዶ አልጋ ነበራትና በጋዜጣ ማስታወቂያ ወጣ። ለታችኛው የወታደር ክፍል 28 ፓውንድ። (ከባሊን ችግር ጋር ያመሳስሉት፤ እንደገና ባዶ አልጋ።) ጁን 22 ቀን ቲልበሪ ወደብ ላይ ከአንድ ሺህ በላይ መንገደኞች ወረዱ፤ አብዛኞቹ የካሪቢያን ሰዎች። ሎርድ ኪችነር የተባለው የካሊፕሶ ዘፋኝ ከመካከላቸው ነበር፤ የጋዜጠኛ ካሜራ ፊት ዘፈነ። የእንግሊዝ ጥቁር ሕዝብ ታሪክ ዛሬ ከዚች ቀን ይቆጠራል፤ ከዚያ በፊትም ጥቁር ሰው እንግሊዝ ውስጥ ባይጠፋም። «ስሞል አይላንድ» የተባለውን ልብ ወለድ በ2004 ያሳተመችው አንድሪያ ሌቪ አባቷ የመጡት በዚህችው መርከብ ነው።

መርከቧ በማርች 1954 ሜዲትራኒያን ላይ ሞተር ክፍሏ ተቃጠለ፤ አራት ሠራተኞች ሞቱ፤ ቀሪዎቹ 1,500 ገደማ ሰዎች ዳኑ፤ እሷ ግን ሰጠመች። ከሰጠመች ከ50 ዓመት በኋላም ሥራዋ አላለቀም። በእነዚያ ዓመታት የመጡ የካሪቢያን ሰዎችን የመድረሻ ካርዶች የእንግሊዝ የአገር ውስጥ ጉዳይ መሥሪያ ቤት በ2010 አስወገዳቸው። ከዚያ ደግሞ ዕድሜ ልካቸውን እዚያው የኖሩትን ሰዎች መቼ እንደገባችሁ በወረቀት አሳዩ አላቸው። በ2018 ነገሩ አደባባይ ሲወጣ ሥራቸውን፣ ቤታቸውን፣ ሕክምናቸውን ያጡ፣ እንዲያውም ወደማያውቁት አገር የተላኩ ሽማግሌዎች ነበሩ። የመሄጃ ብቻ ትኬት ነው የቆረጡት፤ መንግሥት በ70 ዓመቱ መመለሻውን ጨመረበት።

የእኛም አገር ከእነዚህ መርከቦች አላመለጠችም። ሳቱርኒያና ቩልካኒያ በ1920ዎቹ መጨረሻ ሥራ የጀመሩ፣ ከትሪየስቴ ወደ ኒውዮርክና ወደ ደቡብ አሜሪካ ስደተኛም ባለጸጋም የሚያመላልሱ ውብ የጣሊያን መርከቦች ነበሩ። በ1935 ሁለቱም ኢትዮጵያን ለመውረር የሚመጣውን ጦር ይጭኑ ጀመር። ሰባት ዓመት አልፎ፣ ጣሊያን ከተሸነፈች በኋላ፣ በእንግሊዝና በጣሊያን ስምምነት እነዚያው ሁለት መርከቦች ከሌሎች ሁለት ጋር ነጭ ተቀብተው፣ ቀይ መስቀል ተስሎባቸው ወደ አፍሪካ ቀንድ መጡ። በ1942ና 1943 በሦስት ዙር 28 ሺህ ያህል የጣሊያን ሴቶች፣ ሕፃናትና ሽማግሌዎች መለሱ። ስዊዝን እንዲያልፉ ስላልተፈቀደላቸው አፍሪካን በሙሉ ዞረው ነው የሄዱት። እኔ ስለዚህ ጉዞ ሳነብ እነዚያ ሕፃናት በየትኛው ክፍል እንደተኙ አስባለሁ። ከእነሱ በፊት እዚያ ወታደር ተኝቶበታል፤ ከወታደሩ በፊት የኒውዮርክ ስደተኛ፤ በላይኛው ደርብ ደግሞ ባለ ዕንቁ እመቤት። ቩልካኒያ በ1960ዎቹ ካሪቢያ ተብላ ለሌላ የጣሊያን ኩባንያ ተሸጠች፤ በመጨረሻ ዘመኗም ሜዲትራኒያን ላይ ሽርሽረኛ ታዞር ነበር።

በ1958 ጄት አውሮፕላን አትላንቲክን ማቋረጥ ሲጀምር የመርከቡ ትኬት ትርጉም አጣ። ለስድስት ሰዓት መንገድ አምስት ቀን ማን ይከፍላል? ታላላቆቹ መርከቦች አንድ በአንድ ወይ ተሰባብረው ብረት ሆኑ፣ ወይ ወደ ማያሚ ወረዱ። ማያሚ የሆነው ነገር በአጭሩ ይህ ነው። በዲሴምበር 1966 ኖርዌያዊው ክኑት ክሎስተርና እስራኤላዊው ቴድ አሪሰን ሰንዋርድ የተባለች መርከብ ይዘው ወደ ባሃማስ ሽርሽር ጀመሩ። ተጣሉና ተለያዩ። አሪሰን በ1972 ካርኒቫልን አቋቁሞ አንዲት አሮጌ መርከብ ገዛ፤ ከሊቨርፑል ወደ ካናዳ ሰው ትወስድ የነበረችው ኢምፕረስ ኦቭ ካናዳ ናት። ማርዲ ግራ ብሎ ሰየማት፤ በመጀመሪያ ጉዞዋ ከማያሚ ገና ሳትርቅ አሸዋ ላይ ተቀመጠች። ያም ሆኖ ከሠረ በኋላ ያገኘው ነገር የዛሬውን ንግድ ሠራ፤ መንገደኛውን የሚስበው ወደቡ ሳይሆን መርከቢቱ ናት። ቁማር ቤት፣ ሙዚቃ፣ ምግብ ያለ ልክ። ባለ ሀብት ያልሆነ ሰው ለአንድ ሳምንት ባለ ሀብት የሚሆንበት። ከ1977 እስከ 1986 በአሜሪካ ቴሌቪዥን የታየው «ዘ ላቭ ቦት» ቀሪውን ሠራ።

ከዚያ ወዲህ ያለው የመጠን ታሪክ ነው። ጃንዋሪ 27 ቀን 2024 ከማያሚ የመጀመሪያ ጉዞዋን ያደረገችው አይከን ኦቭ ዘ ሲስ፣ ፊንላንድ ቱርኩ የተሠራች፣ 365 ሜትር ገደማ ርዝመት፣ 20 ደርብ፣ 248,663 ጠቅላላ ቶን አላት። (ይህ ቶን ክብደትን ሳይሆን የውስጥ ስፋትን ይለካል።) የታይታኒክ 46 ሺህ ነበር። ሲሞላ 7,600 መንገደኛ ትይዛለች፤ ሠራተኞቿ 2,350 ናቸው። ሰባት መዋኛ፣ ስድስት የውኃ መንሸራተቻ፣ ለሕፃናት ላሏቸው ቤተሰቦች ብቻ የተሠራ ሰፈር አላት። የዚህ ሁሉ ታላቅ እኅት በ2009 የወጣችው ኦአሲስ ኦቭ ዘ ሲስ ናት፤ መሐሏን ገልጠው ከ10 ሺህ በላይ ዕፅዋት ተከሉባት። አንድ ሰው ባሕር ላይ ሆኖ ወደ ባሕር የማያይ መስኮት ይከራያል፤ የሚያየው መናፈሻውን ነው።

ይህ ሁሉ የሚቆመው ደግሞ በሕግ ላይ ነው። ካርኒቫል በፓናማ፣ ሮያል ካሪቢያን በላይቤሪያ ሕግ የተቋቋሙ ኩባንያዎች ናቸው፤ አይከን የምታውለበልበው የባሃማስን ባንዲራ ነው። ዋና መሥሪያ ቤታቸው ግን ማያሚ። በ1886 የወጣ የአሜሪካ ሕግ የውጭ አገር መርከብ በሁለት የአሜሪካ ወደቦች መካከል ብቻ መንገደኛ እንዳያመላልስ ስለሚከለክል ጉዞው የግድ አንድ የውጭ ወደብ ይነካል። ለዚህም ኩባንያዎቹ የራሳቸው ደሴት አላቸው። ሮያል ካሪቢያን ከ1980ዎቹ ጀምሮ በሰሜን ሄይቲ ላባዲ የተባለ የባሕር ዳርቻ ተከራይቶ አጥሮታል። በጃንዋሪ 2010 ርዕደ መሬቱ ፖርቶ ፕራንስን ባፈረሰ በቀናት ውስጥ መርከቦቹ እዚያ ቆመው መንገደኛ አወረዱ። እርዳታም ይዘው ነበር፤ ሥራም ይሰጡ ነበር፤ ክርክሩ ቀላል አልነበረም። ግን አጥሩ ነበረ።

ሠራተኛውስ? አብዛኛው ከፊሊፒንስ፣ ከኢንዶኔዥያ፣ ከሕንድ የመጣ ነው። ዓለም አቀፉ የባሕር ሠራተኞች ስምምነት በቀን ቢያንስ 10 ሰዓት ዕረፍት ይገባዋል ይላል፤ ይህ ማለት 14 ሰዓት ማሠራት ይቻላል ማለት ነው። ውሉ ብዙውን ጊዜ ከስድስት እስከ ዘጠኝ ወር ነው። ዴቪድ ፎስተር ዋላስ በ1996 ስለ ሽርሽር መርከብ የጻፈው ዝነኛ መጣጥፍ ስለ ተንደላቀቀው መንገደኛ የመንፈስ ድካም ብዙ ያወራል። ደጋግሜ ያነበብሁትና የምወደው ነው። ስለ አንሶላ አንጣፊዋ ግን ከእሱ ይልቅ ቤሩትና ዱባይ ሰው ቤት የሠሩ የእኛ እኅቶች የበለጠ መጻፍ ይችላሉ ብዬ አምናለሁ። ሰባት ወር ከልጅ ተለይቶ የሌላ ሰው ልጅ ፎጣ ማጠፍ ምን እንደሆነ ለማወቅ መርከብ መሳፈር አላስፈለጋቸውም።

ባለፈው ዓመት ቤተሰባችን ከእነዚህ ትላልቅ መርከቦች በአንዷ ሰባት ሌሊት ሊሄድ ተነሣ። ሐሳቡ የታላቅ እኅቴ ነው፤ እናታችን ሰባ ዓመት ሞላት፣ ልጆቹ አደጉ፣ ወንድማችንም ከጀርመን ይመጣል። የሰነድ ዝርዝር ስናዘጋጅ ያየሁት ነገር ከዚህ በላይ የጻፍሁትን ሁሉ እንዳነብ ያደረገኝ ነው። እዚህ የተወለዱት የእኅቴ ልጆች ፓስፖርት እንኳ አያስፈልጋቸውም፤ ከአሜሪካ ተነሥታ አሜሪካ ለምትመለስ መርከብ የልደት ወረቀት ይበቃል። እናቴ ግሪን ካርድ ከኢትዮጵያ ፓስፖርት ጋር። ወንድሜ የጀርመን ፓስፖርት፤ በኢንተርኔት ፈቃድ ሞልቶ ጨረሰ። የአክስቴ ልጅ ግን የጥገኝነት ጥያቄው ገና አልተወሰነም። ያለ ቅድሚያ ፈቃድ ከአገር ከወጣ ጥያቄውን እንደተወው ይቆጠራል። መርከቧ ባሃማስ ስትነካ እሱ ወጥቷል ማለት ነው። በአንድ ማዕድ የምንበላ ሰዎች በየሰነዳችን በአራት ማዕረግ ተደልድለን ቁጭ አልን።

እናቴ «እሱ ካልሄደ እኔም አልሄድም» አለች። ሁለት ሳምንት በዚህ ጸናች።

እሱ ነው ያግባባት። «እቴቴ፣ እርስዎ ይሂዱ እንጂ። እኔ ባሕሩን በአንድ ሌሊት ጨርሼዋለሁ።» ከብራዚል ተነሥቶ በእግርና በአውቶቡስ መጥቶ፣ ኮሎምቢያ ላይ የኡራባን ባሕረ ሰላጤ ከሌሎች ስደተኞች ጋር ተጣብቆ በጀልባ ነው የተሻገረው፤ ከዚያ በኋላ የዳሪየን ጫካ። ስለዚያ ሌሊት ከዚህ በላይ ሲናገር ሰምቼው አላውቅም።

ሄድን። መርከቧ ደስ ትላለች፤ ይህን መካድ ግብዝነት ነው። ልጆቹ በእጃቸው ባሰሩት አምባር በሩን ይከፍታሉ፣ አይስክሬም ያዝዛሉ፤ የት እንዳሉ በስልክ ይታያል። እናቴ ከሦስተኛው ቀን ጀምሮ ማለዳ ማለዳ ደርብ ላይ ወጥታ ነጠላዋን ተከናንባ ዳዊት ትደግም ነበር፤ አንድ ፊሊፒናዊ ሠራተኛ ሳይጠየቅ ወንበር ከነፋሱ መለስ እያደረገ ያዘጋጅላታል። ስሙን ትጠራው ነበር፣ እሱም «ማማ» ይላታል። ማያሚ ስንመለስ ካሜራ ፊታችንን አየና አሳለፈን፤ እናቴ ላይ ብቻ ትንሽ ዘገየ። የአክስቴ ልጅ ኤርፖርት ድረስ መጥቶ ተቀበለን። ቤቱን ጠብቆ፣ አትክልቱን አጠጥቶ ነበር።

መርከብና ስደተኛ ድሮ ቀረ፣ ዛሬ ስደተኛ በአውሮፕላንና በጎማ ጀልባ ነው የሚሄደው የሚል ሰው ካለ፣ አንድ የቅርብ ነገር ልንገረው። በ2022 የዩክሬን ጦርነት ሲጀመር ስኮትላንድ ለመጡት ሰዎች ቤት አጠራት። መንግሥት አምቢሽን የተባለች የሽርሽር መርከብ ተከራይቶ ግላስጎው፣ ክላይድ ወንዝ ላይ አቆማት። አምስተርዳምም በዚያው ዓመት ጥገኝነት ጠያቂዎችን ጋላክሲ በተባለች መርከብ አስፍራ ነበር። ግላስጎው ላይ ቤተሰቦች በሽርሽር ክፍሎቹ ውስጥ ከረሙ፤ መርከቧ አትንቀሳቀስም፤ እነሱም መቼ እንደሚመለሱ አያውቁም። በማርች 2023 መጨረሻ ውሉ አበቃ። ነዋሪዎቹ ወረዱ፣ ክፍሎቹ ተጸዱ፣ አንሶላው ተቀየረ፤ አምቢሽንም በዚያው ዓመት የዕረፍት መንገደኞቿን ጭና ወደ ባሕር ወጣች።